ልደቱ የአስናቁ አይደለም

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ ሃያ ዘጠኝ ቀን፣ አስናቁን ከማለዳው ጀምሮ ያናደዳት ስልኳ ነው። በፋብሪካው መመገቢያ አዳራሽ ወጥ ቤት ቆማ ድስት ስትፈትግ፣ በተከታታይ ሦስት ጊዜ ጮኸ። አስናቁ ማንበብ አትችልም፤ በአማርኛም በዕብራይስጥም። እንደ ልማዷ እጇን በሽርጧ ጠረገችና ስልኩን ለአለቃዋ ለሊሞር ሰጠቻት።

«ኩፓት ሆሊም እንኳን ተወለድሽ ይሉሻል» አለች ሊሞር፤ የመጀመሪያው ከጤና መድኅኑ ነው። ሁለተኛው ከመድኃኒት ቤቱ ነው፤ ለልደትሽ ብለን በፊት ቅባት ላይ ቅናሽ አድርገንልሻል ይላል። ሦስተኛው ከባንኩ ነው። ሊሞር እየሳቀች አቀፈቻት። ሰላጣ የሚከትፉት ሴቶች ቢላዋቸውን አስቀምጠው አጨበጨቡ፤ የልደት መዝሙር ተዘመረ። አስናቁ መሃላቸው ቆማ «ቶዳ፣ ቶዳ» እያለች ታመሰግናለች። ሌላ ምን ትበል? በሆዷ የምትለው ግን ሌላ ነው። ልደቱ የእኔ አይደለም፣ እናንተ ሰዎች፤ የጌታዬ ነው።

ይህ ጣጣ የመጣው ከገዛ አፏ ነው። የዛሬ አሥራ ሰባት ዓመት ከጎንደር ወደ እስራኤል ስትመጣ አንድ የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ፊት አስቀመጧት። «መቼ ተወለድሽ?» አላት በአስተርጓሚ። እሷም እንደ አገሯ ሰው፣ «እናቴ በገና ሰሞን ነው የወለድኩሽ ትለኝ ነበር» አለች። ጸሐፊው ገና መቼ ነው ሲል ጠየቀ፤ አስተርጓሚው ጃንዋሪ ሰባት አለው፤ ተጻፈ፤ አለቀ። አብረዋት የመጡት ሴቶች «እኛ እንጃ» ብለው በሰላም ሲወጡ፣ እሷ ምላሷ አላርፍ ብሎ የጌታን ቀን በመታወቂያዋ ላይ ተሸክማ ወጣች።

በዚያው ዓመት ከባሏ ከመንግስቱ ጋር ወደ አይሁድ እምነት የመመለሱን ትምህርት ተማረች። ሚቅቬ ከሚባለው የመንጻት ውሃ ገባች፣ ወጣች። መንግስቱ ከልቡ ነው የተመለሰው። ቅድመ አያቶቹ ቤተ እስራኤል ነበሩ፤ ችጋርና መገፋት ሲበዛባቸው ተጠመቁ፤ እሱም ክርስቲያን ሆኖ አደገ፤ ጭራሽ ዲያቆን ሆኖ እስከ አሥራ ስምንት ዓመቱ ቀድሷል። ዛሬ ያ ዲያቆን የለም። ኪፓው ከራሱ አይወርድም፤ በሰፈሩ ቤተ ጸሎት የፊቱ ወንበር የእሱ ነው፤ ሰው ታሞ ሲጠየቅ፣ ሰው ሞቶ ሲቀበር የሚጠራው እሱ ነው።

አስናቁ ግን ዓርብ ሲመሽ የሰንበቱን ሻማ ታበራለች፤ ኅዳር አሥራ አምስት ሲገባ ደግሞ የነቢያትን ጾም ትጾማለች። ሁለቱ እንዴት አብረው ይሆናሉ ብላችሁ እንዳትጠይቋት፤ ትቆጣለች። «ውሃው ውስጥ የገባሁት ባሌንና ልጆቼን ብዬ ነው። ልቤን የሚያየው ያየዋል» ትላለች፤ ከዚያ በላይ አንድ ቃል አይወጣትም።

ወጥ ቤት እየሠሩ አርባ ሦስት ቀን መጾም ቀላል እንዳይመስላችሁ። ጠዋት እንቁላል ጥብስ፣ አይብ፣ እርጎ፤ ቀን የዶሮ ሥጋ ሽኒጽል። በሐኑካ በዓል ደግሞ እንቁላልና ወተት ያለበት ጣፋጩ ሱፍጋኒያ ይመጣና ሊሞር ራሷ ልታጎርሳት ትነሳለች። አስናቁ በየዓመቱ ያላት መልስ አንድ ነው፤ «ሆዴን ያመኛል።» በአራተኛው ዓመት ሊሞር አላስችል ብሏት እጇን ይዛ ሐኪም ቤት ወሰደቻት። ሐኪሙ በጉሮሮዋ ቱቦ ሰደደባት፤ አገላብጦ አየ። «ሆድሽ የልጅ ሆድ ነው፤ ምንም የለውም» አላት። የዋጠችው ቱቦ ሳይበቃ ደግሞ ለብርዱ ወራት ብቻ የሚወሰድ ክኒን ታዘዘላት። ክኒኑ እስከ ዛሬ መሳቢያዋ ውስጥ አለ።

መንግስቱ ይህን ሁሉ ያውቃል፤ አይነካትም፣ አይከለክላትም። እንዲያውም ወጡን ስትሠራ ጨው የሚቀምስላት እሱ ነው፤ እሷ ጾመኛ ናት። ግን ገና ሲደርስ ዶሮ ይሠራል፣ ቤቱ ይሰበሰባል፣ ሽታው ደረጃውን ይሞላዋል፤ ጎረቤት «ምን አለ ዛሬ?» ማለቱ አይቀርም። ለዚህ ያ መታወቂያ ደረሰለት። «የባለቤቴ ልደት ነው» አለ በመጀመሪያው ዓመት። በሁለተኛውም አለ። በሦስተኛው ልጆቹ ራሳቸው ይሉት ጀመር። አገሩን ሲለቁ ሊራዝ ሰባት ዓመቷ፣ ሃሬል ሦስት ዓመቱ ነበር፤ ምን ያስታውሱ? ለእነሱ ቀኑ የኢማ ልደት ነው፤ በዓመት አንድ ቀን እናታቸው የምትኳኳልበት፣ እንቁላሉ ድስቱ ውስጥ የሚበዛበት ቀን።

እንዲያም ሆኖ እስከ አምና ድረስ አንድ ነገር አልጎደለባትም ነበር። ሦስተኛ ፎቅ ላይ እትዬ ብዙወርቅ ነበሩ። እሳቸው ማንበብ ይችላሉ። በየገናው ወንጌላቸውን ከነጠላቸው ሥር ሸሽገው ይወርዱና፣ ምግቡ ሳይነካ የልደቱን ታሪክ ያነቡላታል። መንግስቱ ያኔ ልብስ ደርቆ እንደሁ ልይ ብሎ በረንዳ ይወጣል። ልጆቹ የመጽሐፍ አማርኛ ስለማይገባቸው ከጠረጴዛው ሥር ስልካቸውን ይነካካሉ። ግድ የላትም። ተነበበ፤ ቤቷ ሰማው፤ አሜን ተባለ፤ ጾሟን ፈታች።

እትዬ ብዙወርቅ ባለፈው ሐምሌ አረፉ። ወንጌሉን ለእሷ ተናዘውላት፣ ልጃቸው በነጠላ እንደተጠቀለለ አምጥታ ሰጠቻት። ይኸው ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከአንሶላው ሥር ተቀምጧል። መጽሐፉ አለ፤ አንባቢ የለም። አስናቁ ጾሙን ስትይዝ ለራሷ ቃል ገባች፤ ዘንድሮ የጌታ መወለድ በዚህ ቤት ሳይነገር ማንም ዶሮውን አይነካም። እሷ ራሷም ጾሟን አትፈታም።

ከሳምንት በፊት መንግስቱን ለመነችው። ሶፋው ላይ ጫማውን እያወለቀ ነበር።

«አንዲት ገጽ ናት። ሁለት ደቂቃ አትፈጅብህም» አለችው።

«አስናቁ፣ ዶሮውን እበላልሻለሁ። መጽሐፉን ግን አልይዝም።»

«በቃልህ ትችለው የለ? ሳትይዘው በለዋ።»

መንግስቱ ያወለቀውን አንድ ጫማ ከሶፋው ሥር ገፋው። «አባቴ ሊሞት ሲል ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ» አላት። «እኔ ሁለት ሆኜ ኖርኩ፤ አንተ አንድ ሁን፣ አለኝ። አንድ ለመሆን ስንት ዓመት እንደፈጀብኝ ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። አታፍርሺብኝ።»

እውነት መናገሩ የበለጠ አናደዳት። ቢጮህባት፣ ቢሰድባት ይሻላት ነበር፤ ትመልስለት ነበር። እንዲህ ቀስ ብሎ፣ እንዲህ ለምኖ ሲከለክላት ሴቲቱ ምን ታድርግ?

እንግዲህ ረቡዕ ሲመሽ ቤቱ ተሰበሰበ። ድስቱ ለዚህ ማታ እንዲደርስ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ሽንኩርት ተቁላልቷል፤ ዶሮው በብልቱ ተገነጣጥሎ ገብቷል፤ እንጀራው ከሱቅ መጥቷል። ቅቤ የለበትም። ሥጋና ወተት በዚህ ቤት አይገናኙም፤ መንግስቱ በዚህ ቀልድ አያውቅም። አርባ ሦስት ቀን ጾሞ በዘይት ዶሮ መፍታት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ አስናቁ አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ያልተዋጠላት ነገር ይኸው ነው።

ሃሬል ከሠራዊቱ የሁለት ቀን ፈቃድ አግኝቶ፣ ዩኒፎርሙን ሳያወልቅ ወንበሩ ላይ ተዘርግቷል። በየደቂቃው የድስቱን ክዳን ያያል። ሊራዝ ካርሜ ጋት ካለው ሥራዋ ቀጥታ መጣች፤ በአንድ እጇ ኬክ፣ በሌላው ሁለት ፊኛ። ፊኛዎቹ ወርቃማ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው አምስት ቁጥር። አንድ ላይ ሃምሳ አምስት። ኬኩ ላይ ወተት በሌለው ክሬም «ማዘል ቶቭ ኢማ» ተብሎ ተጽፏል፤ ይህን ለማወቅ አስናቁ ማንበብ አላስፈለጋትም፤ ያው በየዓመቱ ነውና። ሊራዝ ፊኛዎቹን ከመስኮቱ እጀታ ላይ አሰረቻቸው፤ ከውጭ በደንብ ይታያሉ።

«ልብላ በቃ፣ ኢማ» አለ ሃሬል።

«ቆይ። ከምግቡ በፊት የሚሆን ነገር አለ» አለችና አስናቁ ወደ ልጇ ዞረች። «ሊራዝዬ፣ እዚያ ስልክሽ ላይ የጌታን ልደት የሚያነብ ቄስ ፈልጊልኝ። በአማርኛ።»

«የማን ልደት?»

«ፈልጊ ብያለሁ።»

ሊራዝ ፈለገች። አንድ ቄስ ተገኙ፤ ድምፃቸው ደስ ይላል። አስናቁ ነጠላዋን አስተካክላ ቆመች። መንግስቱ ወደ በረንዳው ተነሳ። ቄሱ ገና በስመ አብ ብለው ማርያምና ዮሴፍ ጋ ከመድረሳቸው ቀጥ አሉና፣ በምትካቸው አንድ ጎረምሳ ስለ መኪና ኢንሹራንስ ይጮህ ጀመር። ሊራዝ ዘለለችው። ቄሱ ተመለሱ። ትንሽ ቆይቶ ኢንሹራንሱ ደግሞ ተመለሰ። ሃሬል በሳቅ ወደቀ።

«ዝጊው» አለች አስናቁ።

«ኢማ፣ ቆይ፣ ሌላ እፈልጋለሁ…»

«ዝጊው አልኩሽ። ለመሆኑ ዛሬ የማን ቀን እንደሆነ ታውቃላችሁ?»

ልጆቹ ተያዩ። «ያንቺ ነዋ» አለች ሊራዝ፣ በፊኛዎቹ በኩል እያየች።

እዚህ ላይ የአስናቁ ትዕግሥት አለቀ። መቼም የጾም ሆድ ቁጣ አያውቅም የሚል ካለ አልጾመም። «የእኔ አይደለም» አለች። «እኔ በገና ሰሞን ተወለድኩ ነው ያልኩት፤ ሰሞኑ ሳምንትም ይሆናል፣ ወርም ይሆናል። ያ ጸሐፊ ነው ያጣበቀብኝ። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ በሰው ቀን ኬክ እበላለሁ። ባንክ እንኳን ተወለድሽ ይለኛል፣ መድኃኒት ቤት እንኳን ተወለድሽ ይለኛል፣ የተወለደውን የሚያስታውሰው አንድ ሰው የለም። በዚህ ቤት ዶሮ እንዳለ ሁሉም ያውቃል። ዶሮው ለምን እንደሆነ ማን ያውቃል?»

መንግስቱ ከበረንዳው በር ላይ እንደቆመ ቀረ፤ አልወጣም፣ አልገባም።

«ተቀመጡ» አለች። «አንባቢ ከሌለ እኔ እነግራችኋለሁ።»

ጀመረች። ድንግል ማርያም ነፍሰ ጡር እንደነበረች፣ ጠባቂዋ ዮሴፍ ሽማግሌ እንደነበር ነገረቻቸው። እስከዚያ ደህና ሄደች። ከዚያ ግን የሰማችው ሁሉ ተደበላለቀባት። «ሄሮድስ የሚባል ክፉ ንጉሥ ነበር። ሊገድላቸው ሲያሳድዳቸው ወደ ቤተ ልሔም ሸሹ…»

ከበሩ በኩል ሳል ተሰማ። አስናቁ ቀጠለች። «ሸሽተው፣ ሸሽተው፣ ሲመሽባቸው…»

«ሸሽተው አይደለም» አለ መንግስቱ።

ሁሉም ዞሩ። እሱን ራሱን ከአፉ የወጣው ነገር ያስደነገጠው ይመስላል።

«ታዲያ ምን ሆነው ነው?» አለች አስናቁ። ይህን ስትጠይቅ ከልቧ ነበር፤ አላወቀችውም።

«ሊመዘገቡ ነው። ሽሽቱ በኋላ ነው፣ ወደ ግብፅ።» አላት።

አስናቁ ባሏን አየችው። ሠላሳ ዓመት አብራው ኖራለች፤ ምን እንደማያስችለው ታውቃለች። ቤተ ጸሎት ውስጥ አንዱ አንዲት ቃል ሲዘል ካላረመ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ነው። ስለዚህ ቀጥሎ የተሳሳተችውን አውቃ ነው የተሳሳተችው፤ እግዜር ይቅር ይበላት። «እሺ፣ ሊመዘገቡ ሄዱ። እዚያ ሲደርሱ ሰብአ ሰገል ቀድመው ደርሰው ኖሯል፤ ትልቅ ቤት ተከራይተው…»

«ምን ቤት ነው ደሞ?» መንግስቱ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ቤት መቼ ተገኘና። አስናቁ፣ እንዲህ አድርገሽ ከምታበላሺው ባይነገር ይሻላል። ስሙ፣ ልጆች። ቄሣሩ ሰው ሁሉ ይመዝገብ ብሎ አዋጅ አወጣ። ሰው ሁሉ ወደ አባቶቹ አገር ሄዶ ነው የሚመዘገበው። ዮሴፍ ደግሞ ዘሩ ከዳዊት ስለሆነ፣ ያንን መንገድ ሁሉ በእግር…»

«እንደ ሚስራድ ሃፕኒም ማለት ነው?» አለ ሃሬል፤ መታወቂያ የሚሰጠውን መሥሪያ ቤት ማለቱ ነው።

«እንደዚያው በለው። የአባትህ አባት ማነው፣ ከየት ነህ፣ ይባላል። እኛንም ብለውናል።»

«እርጉዝ ሴት ይዞ?» አለች ሊራዝ።

«እርጉዝ ሴት ይዞ። ወረፋ ላይ ማን ያዝንላታል? ደርሰው በር ቢያንኳኩ ሰው ሞልቷል ተባሉ። ሌላ ቢያንኳኩ ሞልቷል። ምጧ መጣ። ከብት የሚያድርበት በረት አገኙ፤ እዚያ ወለደች። አልጋ የለ፣ ምን የለ፤ በጨርቅ ጠቀለለችና ከብቱ ከሚበላበት ግርግም አስተኛችው። ሰብአ ሰገል ገና መንገድ ላይ ናቸው። መጀመሪያ የሰሙት እረኞች ናቸው። ሜዳ ላይ፣ በብርድ፣ መንጋ ሲጠብቁ…»

ድምፁ ተለወጠ። አስናቁ ታውቀዋለች ያንን ድምፅ፤ ከመጋባታቸው በፊት፣ ገና ልጅ ሳለች፣ ከሴቶች በኩል ቆማ የሰማችው ድምፅ ነው። መንግስቱ ስለ ብርሃኑ ነገራቸው፤ መልአኩ እረኞቹን አይዟችሁ እንዳላቸው፣ ምልክቱ ቤተ መንግሥት ሳይሆን ግርግም እንደሆነ፣ ሰማዩ በዝማሬ እንደሞላ። የመጽሐፉን አማርኛ አልተጠቀመም፤ ለልጆቹ በሚገባቸው፣ ሲቸገርም ዕብራይስጥ ጣል እያደረገ ነው የነገራቸው። የሃሬል ስልክ ሁለት ጊዜ ጮኸ፤ አላነሳውም። ሊራዝ አገጯን በእጇ ደግፋ ታዳምጣለች። እትዬ ብዙወርቅ በአሥራ ሰባት ዓመት አንብበው ያላገኙትን ጆሮ እሱ በአሥር ደቂቃ አገኘው።

አንድ ነገር ግን አስናቁ ልብ ብላለች። ሕፃኑ ይላል፣ የተወለደው ይላል፤ ስሙን አንድ ጊዜ እንኳን አልጠራም። እዚያ ሲደርስ ይዘልለዋል። አሁን ይጠራዋል፣ አሁን ይጠራዋል እያለች ትንፋሿን ይዛ ጠበቀች። አልጠራውም።

«ልጁስ ማን ተባለ?» አለ ሃሬል።

መንግስቱ አፉን ከፈተ። በሩ ተንኳኳ።

አቪሻይ ነበር፤ የቤተ ጸሎቱ ኃላፊ፣ ዘንድሮ ወደ ሕንፃው የገባ፣ ከታቻቸው ባለው ፎቅ የሚኖር። ረቡዕ ረቡዕ መንግስቱን ጠርቶ ለማታው ጸሎት አብረው ይሄዳሉ። ዛሬ መንግስቱ ሰዓቱን ረስቶታል። አቪሻይ ሲገባ በበሩ መቃን ላይ ያለውን ሜዙዛ ሳመ፤ ድስቱን አሸተተ፤ ፊኛውን አየ፤ ኬኩን አየ።

«አሃ፣ በዓል ነው» አለ በዕብራይስጥ። «የማን ልደት ነው?»

ይኸውላችሁ። ይህችን ጥያቄ አንድ ሰው እንዲጠይቃት አስናቁ አሥራ ሰባት ዓመት ጠብቃለች። በወጥ ቤቱ፣ በአውቶቡሱ፣ በሐኪሙ ፊት መልሱን ስንት ጊዜ ለብቻዋ ተለማምዳዋለች። አሁን መልሱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነው፤ ልጆቿ ደግሞ ዛሬ የማን እንደሆነ ያውቃሉ፤ ሁለቱም እሷን ያያሉ። መንግስቱን አየችው። አልተማጸናትም፤ አልጠቀሳትም። እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ዓይኑን ወለሉ ላይ ተክሎ ተቀምጧል። ፊቱ ላይ ግን አንድ ለመሆን የፈጀበት ዓመት ሁሉ ይታያል።

«የእኔ ነው» አለች አስናቁ።

«ማዘል ቶቭ! እስከ መቶ ሃያ ዓመት ኑሪልን» አለ አቪሻይ። ሊራዝ አንዴ እናቷን አንዴ አባቷን አየች፤ ኬኩ ላይ ሻማ ሰክታ ለኮሰችው። አስናቁ እፍ አለችው። አቪሻይ ብቻውን አጨበጨበ፤ አንድ ቁራሽ ኬክም ተጠቀለለለት።

መንግስቱ ጃኬቱን ለበሰ። አቪሻይ ደረጃውን መውረድ ከጀመረ በኋላ፣ እሱ የበሩን እጀታ ይዞ ቆመ። ወደ እሷ ዞረ።

«እንኳን አደረሰሽ» አላት።

እንዲህ ለልደት አይባልም፤ ለበዓል ነው የሚባለው፤ እሱም ያውቀዋል፤ እሷም ታውቀዋለች። እዚህ አገር ከገቡ ወዲህ በዚህ ቀን አንድም ጊዜ ብሏት አያውቅም።

«እንኳን አብሮ አደረሰን» አለችው። እሱም ራሱን ነቅነቅ አድርጎ በሩን ዘጋ።

አስናቁ ወጡን ልታሞቀው ተነሳች፤ ቀዝቅዟል። ለመንግስቱ ከሁሉ በፊት ፈረሰኛውን ብልት ለብቻው አወጣችለት፤ ተናዳበትም ቢሆን አይቀርበትም።

«ኢማ» አለ ሃሬል ከኋላዋ፤ «አልነገራችሁንም እኮ። ልጁ ማን ተባለ?»

ጭልፋውን አስቀመጠችና ነገረቻቸው። ስሙን ሁለት ጊዜ ጠራችው፤ አንዴ ለሃሬል፣ አንዴ ለሊራዝ። ከዚያ አማተበች፣ ተቀመጠች፣ ከዶሮው በእንጀራ ቆርሳ ጎረሰች። አርባ ሦስት ቀንና አንድ ሙሉ የሥራ ቀን የጠበቀችው ጉርሻ ነው። ቀስ ብላ አኘከችው።

«ቅቤ የለውም» አለች።